ሦስት የምትቆጠረው ልጅ

ዋፊቃ የሽንኩርት ነጋዴ ናት። ከመቂና ከአዳሚ ቱሉ በአይሱዙ የሚመጣውን ቀይ ሽንኩርት አዳማ ገበያ ላይ እየተረከበች ማከፋፈል ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እነዚህ ዓመታት ካስተማሯት ሁሉ አንዱን አትረሳውም፤ ዋጋ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ከመጣ፣ የሰጠው ብር ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ መታየት አለበት። እናም በጥቅምት መጀመሪያ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የሰፈሯ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አቶ ማናሴ በጆንያዎቹ መሀል ተሽሎክልከው መጥተው በሁለት እጃቸው ሲጨብጧት፣ ከደስታ ቀድሞ የመጣባት ጥርጣሬ ነበር።

«ወይዘሮ ዋፊቃ፣ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብ ሰላም ነው? አቶ ዛኪር ከጅቡቲ ገቡ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጅቡቲ መሄዱን ግን ከእሷና ከጎረቤቷ በቀር የሚያውቅ ሰው አለ ብላ አታስብም ነበር። «ሽንኩርት ፈልገው ነው?»

«ኧረ እኔስ ስለ ሉብና ነው የመጣሁት።»

ሉብና የመጨረሻ ልጇ ናት፤ አሥር ዓመቷ ነው። በሁለት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነፍሷ ሲተርፍ ጆሮዋ ሳይተርፍ ቀረ። ሰባት ሲሞላት ዋፊቃ ነጭ ሒጃብ አልብሳ፣ እጇን ይዛ ወደዚሁ የሰፈር ትምህርት ቤት ወስዳት ነበር። ያኔ የነበሩት ርእሰ መምህር ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ «እንዲህ ያሉትን የሚያስተምር ሰው የለንም» ብለው መለሷቸው። ከዚያ ወዲህ ሉብና የምትማረው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ነው። መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተለየ ክፍል የነበረው እሱ ብቻ ነው። መንገዱ ሁለት ባጃጅ ያስቀይራል።

«የዚያን ጊዜው ጥፋት ነው፤ እኔ አልነበርኩም» አሉ አቶ ማናሴ። «ዘንድሮ እኛም ልዩ ክፍል ከፍተናል። ከቤትዎ አምስት ደቂቃ ነው። ዩኒፎርም በነፃ፣ ደብተር በነፃ፣ ምሳም እያሰብንበት ነው። ብቻ እስከ ኅዳር አሥር ያዛውሩልኝ።»

«ለምን እስከ ኅዳር አሥር?»

ዓይናቸውን ወደ ጆንያዎቹ አዞሩ። «እንዲያው... ምዝገባ ስለሚዘጋ ነው።»

ምዝገባ በመስከረም እንደሚዘጋ ሦስት ልጅ ያስተማረች ሴት አይጠፋትም። «አስብበታለሁ» አለቻቸው። ሊሄዱ ሲሉ በይሉኝታ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል መሙላት ጀምራ ነበር፤ መሀል ላይ ተወችው። ከሁለቱ ጉቦ ሰጪው ማን እንደሆነ ገና አልለየላትም።

ከሰዓት በኋላ ነገሩን ለጎረቤቷ ለበድሪያ አወጋቻት። ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ በድሪያ ዘንድ ወሬ ገብቶ ባዶ እጁን አይወጣም።

«ፎቶዋን ሊያነሷት ነው» አለች በድሪያ ወዲያው። «እንዲህ ያሉትን ልጆች ፎቶ እያሳዩ ገንዘብ የሚሰበስቡ አሉ ሲባል አልሰማሽም?»

«ርእሰ መምህር እኮ ነው።»

«ታዲያ ርእሰ መምህር ገንዘብ ይጠላል?» በድሪያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ኩላሊት የሚባል ነገርም አለ።»

«አፍሽን ያዢ! አዑዙ ቢላህ!» አለች ዋፊቃ። ቢሆንም ያን ዕለት ሉብና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ገልብጣ፣ ደብተሩን አንድ በአንድ አራግፋ ፈተሸች። ያገኘችው እርሳስና ግማሽ ብስኩት ነው። ልጅቷ በር ላይ ቆማ፣ የእናቷን እጅ በዓይኗ ተከተለች።

ሐሙስ ዕለት ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ ወይዘሮ የሺዓለም ናቸው፤ ሉብና የምትማርበት የማዶው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት። በሦስት ዓመት ውስጥ ደውለው አያውቁም፤ ሲያገኟትም ስሟን ሳይጠሩ «የሉብና እናት» ብለው ነበር የሚያልፏት። አሁን ግን «ወይዘሮ ዋፊቃ» አሉ። «ሰው መጥቶ አነጋግሮዎታል?»

«የምን ሰው?»

«እንግዲህ ነገሩን ያውቁታል። ልጅቷን እንዳያስወጧት። በተለይ እስከ ኅዳር አሥር ከክፍል እንዳትቀር። ብትታመም እንኳ ይደውሉልኝ፣ እኔ ባጃጅ እልካለሁ።»

ዋፊቃ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ቀረች። አንድ ጊዜ ቢሆን ቸርነት ነው ትል ነበር፤ ሁለት ሰው ያንኑ ቀን ጠርቶ ሲለማመጥ ግን ገበያ ነው። ገበያ ከሆነ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ሳያውቅ የሚደራደር ሰው እንደሚከስር ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ሱቁን ለእህቷ ልጅ ትታ ሉብናን ራሷ ልትመልሳት ሄደች። ግቢው ውስጥ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ሉብናና መምህሯ ቢሊሴ ፊት ለፊት ቆመው በእጃቸው ይነጋገራሉ። የልጅቷ እጆች እንደዚያ ሲፈጥኑ ዋፊቃ አይታ አታውቅም። ቅንድቧ፣ ትከሻዋ፣ ከንፈሯ ሁሉ ይናገራል። ወዲያው ቢሊሴ ዋፊቃን አየቻት፤ አንድ ነገር በጣቷ አሳየች፤ አራቱም እጆች ወደ ታች ወረዱ።

«ምን እየተባባላችሁ ነው?» አለች ዋፊቃ።

«ስለ ትምህርት ነው፣ እትዬ ዋፊቃ» አለች ቢሊሴ፤ ዓይኗን ግን ወደ ሌላ አዞረች።

እናትና ልጅ ቤት ውስጥ የሚግባቡባቸው ምልክቶች ስምንት ናቸው፤ ብዪ፣ ተኚ፣ ነዪ፣ ታጠቢ፣ አባትሽ መጣ፣ አትንኪ፣ ሱቅ ሂጂ፣ በቃ። ዋፊቃ ባጃጁ ውስጥ ሁለት እጇን ዘርግታ «ምንድን ነው?» ለማለት ሞከረች። ሉብና ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ መንገዱ ዞረች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ዋፊቃ ከዚያች ቀን ጀምሮ መምህሯንም ከተጠርጣሪዎቹ ተራ ጨመረቻት።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ስትላክ ቆይታ፣ በመጨረሻ ሆራ ከሚባል ወጣት የዕቅድ ባለሙያ ዘንድ ደረሰች። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር አለ፤ ማራገቢያው እንዳይበትነው ድንጋይ ጭኖበታል።

«አካም ቡልተን፣ አዮ» አላት፤ እንዴት አደሩ እናቴ ማለቱ ነው።

«ነጋ» ብላ ሰላም መሆኗን ነገረችው፤ ሽንኩርት ከሚያመጡት ገበሬዎች ጋር ስትከራከር የለመደችውን ያህል ኦሮምኛ አታጣም። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ኅዳር አሥር ምንድን ነው?»

ሆራ ሳቀ። «የተማሪ ቆጠራ ነው። ያን ቀን ክፍል ውስጥ የተገኘ ተማሪ ይቆጠራል። ዘንድሮ ለትምህርት ቤቶቻችን የሚደርሰው ገንዘብ የሚደለደለው በዚያ ቆጠራ ነው።»

«የእኔ ልጅ አንድ ናት። ለአንዲት ልጅ ነው ርእሰ መምህር ገበያ ድረስ የሚመጣው?»

«አንድ አይደለችማ። ሦስት ናት።»

ዋፊቃ ፊቱን አየችው። የሚቀልድ አይመስልም። ሆራ ባዶ ወረቀት ስቦ መስመር አሰመረ።

«እስካሁን ገንዘቡ የሚከፋፈለው በዘልማድ ነበር። አምና ያገኘ ዘንድሮም ያገኛል፤ ርእሰ መምህሩ ጎበዝ ለማኝ ከሆነ ትንሽ ይጨመርለታል። ዘንድሮ በቀመር ይሁን ተባለ። እያንዳንዱ ልጅ ክብደት አለው። አንድ ተራ ተማሪ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከሆነ ቤተ ሙከራ ስለሚያስፈልገው አንድ ከሩብ። ቤተሰቡ ተፈናቅሎ የመጣ፣ ችግረኛ የሆነ ልጅ አንድ ተኩል። አካል ጉዳት ያለበት፣ የተለየ መምህርና የተለየ መሣሪያ ስለሚፈልግ፣ ሦስት። ከዚያ የሁሉም ይደመርና ገንዘቡ ለድምሩ ይካፈላል።»

«ቆይ» አለች ዋፊቃ። «ጠቅላላ ገንዘቡ ጨምሯል?»

«እሱ አልጨመረም።»

«እንግዲያው ያው አንድ መኪና ሽንኩርት ነው። አንዱ ሚዛኑ ላይ እጁን ቢያሳርፍ፣ የሚጎድለው ከሌላው ጆንያ ነው።»

ሆራ እስክርቢቶውን አስቀመጠ። «ይህንኑ ለማስረዳት ባለፈው ወር ሥልጠና ላይ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።»

ዋፊቃ አልሳቀችም። «የሉብና ሦስት ድርሻ ለሉብና መዋሉን ታዲያ የሚያይ ማነው?»

«ገንዘቡ የሉብና አይደለም፣ አዮ። የትምህርት ቤቱ ነው። እንደሷ ያለ ልጅ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ወጪው ይበዛል ተብሎ ነው። እንዴት እንደሚያወጡት የራሳቸው ዕቅድ ነው፤ የወላጅ ኮሚቴ ያጸድቀዋል።»

«ዋጋው በልጄ ይቆረጣል፤ ዕቃውን የሚረከበው ግን አይታወቅም በለኛ!»

ሆራ ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ ሰጣት፤ እሷም ጡቷ ሥር ካለው የብር ቦርሳ ከተተችው።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ሰፈሯ ትምህርት ቤት ሄደች። አቶ ማናሴ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ እየመሩ ልዩ ክፍሉን አሳዩአት። ድሮ የተሰባበረ ዴስክ የሚጣልበት መጋዘን ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ግድግዳው ላይ የጣት ፊደል ሥዕል ተለጥፏል። ኪሩ የሚባል ልጅ እግር መምህር አራት ልጆች ፊት ቆሟል፤ ጣቱን ከማንሳቱ በፊት ወደ ሥዕሉ ዞር ብሎ ያያል።

«የት ተማርክ?» አለችው።

«ሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስጃለሁ» አለ ኪሩ። አላፈረም፤ አልኮራምም። «ፊደሉን ጨርሻለሁ።»

በሩ ላይ የስም ዝርዝር ተሰቅሏል። አሥራ አንድ ስም ነው። ዋፊቃ በጣቷ እየተከተለች አነበበችውና ሰባተኛው ላይ ቆመች። ኡበይደላ ይላል፤ የአባቱን ስም ደግማ አነበበች። የበድሪያ ልጅ ነው። ከስሙ ትይዩ «መስማት የተሳነው» ተብሎ ተጽፏል። ኡበይደላ ሦስት ቤት አልፎ ያለ ሬዲዮ ጎል ሲል ሰምቶ ከምሳው ላይ የሚነሳ ልጅ ነው።

«ሰባቱ ዛሬ ቀርተዋል» አሉ አቶ ማናሴ ከኋላዋ።

«ኡበይደላ አልቀረም። ስገባ ሜዳው ላይ ኳስ ሲለምን ሰምቼዋለሁ፤ እሱም ሰላምታዬን ሰምቶኛል።»

አቶ ማናሴ ዞር ብለው ወደ መምህሩ አዩ። ከዚያ ኪሩ እንዳይሰማ ወደ ጥላው ወሰዷት። «ወይዘሮ ዋፊቃ፣ ሺህ አራት መቶ ተማሪ አለኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ሰባት ልጅ ይቀመጣል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ቀመሩ ሰባ ሰባቱንም አንድ አንድ እያለ ይቆጥርልኛል፤ የሚቀመጡበት እንደሌለ አይቆጥርልኝም። ልጁ ደግሞ አምና ጆሮውን መግል ይዞት ነበር።»

«እውነቱን ጽፈው አያመለክቱም?»

«ሁለት ዓመት እውነቱን ጻፍኩ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ሌባ አልነበረም፤ እንደ ደከመው ሰው ነበር። «ከሰው ቤት አልወሰድኩም። ለልጆቹ ነው።»

ዋፊቃ ልታዝንላቸው ምንም አልቀራትም ነበር። ግን ወጥታ ስትሄድ ጭንቅላቷ ማባዛቱን አልተወም። አንዱ የውሸት ስም አንድ መቆጠር ሲገባው ሦስት ከተቆጠረ ሁለት ትርፍ ነው። ሰባት ስም አሥራ አራት። ያ አሥራ አራት ከሰማይ አይወርድም፤ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ነው፤ ከነዚያ አንዱ ከሐዲዱ ማዶ ያለው ነው። በማዶው ክፍል ውስጥ ደግሞ ልጇ አለች።

ለበድሪያ ስትነግራት በድሪያ መጀመሪያ ደስ አላት። «ዩኒፎርም በነፃ ይሰጡታል ማለት ነው?» አለች። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ። «ቆይ፤ ይሄ ጽሑፍ ይጠፋል ወይስ እየተከተለው ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እንደ አባቱ ሹፌር ልሁን ቢል ኋላ፣ አይሰማም ብለው መንጃ ፈቃድ ይከለክሉት ይሆን?»

«በድሪያ፣ ወላሂ አላውቅም። የነገርኩሽ ልጅሽ ስለሆነ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት በድሪያ ሻርፗን ጠምጥማ ኡበይደላን በክንዱ ይዛ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ድምፅዋ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ረፋድ ላይ የሌሎች ሁለት ልጆች እናቶች ተጨመሩ። እኩለ ቀን ሳይሆን ዝርዝሩ ከበሩ ላይ ተነሣ። ዋፊቃ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እዚያም አልነበረችም። ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ማናሴ መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ። እሷም አልፈረደችባቸውም።

የቀራት የማዶው ትምህርት ቤት ሂሳብ ነው። አምና፣ ቀመሩ ሳይጀመር፣ ለልዩ ክፍል ተብሎ ጥቂት ድጎማ ተሰጥቶ እንደነበር ሆራ አጫውቷታል። ወይዘሮ የሺዓለም ቢሮ ገብታ፣ የቀረበላትን ወንበር ሳትቀመጥበት ጠየቀች። «የአምናው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ?»

ወይዘሮ የሺዓለም መነጽራቸውን አወለቁ። «ይምጡ» ብለው ወደ ውጭ አወጧት። ያሳዩአት አጥር ነው። በመንገዱ በኩል ዙሪያውን የተሠራ የብረት አጥርና የሚቆለፍ በር።

«የልዩ ክፍል ገንዘብ ለአጥር?» አለች ዋፊቃ። በመጨረሻ እጅ ከፍንጅ ያዝኩ ብላ ልቧ ዘለለ።

«አብዱልጀባር የሚባለውን ልጅ ያስታውሱታል? ከሉብና ጋር የሚማረውን?»

ታስታውሰዋለች። እያነከሰ የሚሄድ ልጅ ነው።

«የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ኳስ ተከትሎ በዚህ ወጣ። ባጃጁ ከኋላው ጡሩምባ ነፋ፣ ነፋ፣ ነፋ። ሹፌሩ ልጁ ይሰማል ብሎ ነው የመጣው።» ወይዘሮ የሺዓለም በሩን በእጃቸው ነካ አደረጉት። «መጽሐፍ ልግዛ ወይስ ይህን ላድርግ ብዬ አስቤበታለሁ። ምን ያደርጉ ነበር?»

ዋፊቃም በሩን በእጇ ዳሰሰችው። ነገር ግን የለመደ ልብ ቶሎ አይተውም። «የተረፈውስ?»

ቢሮ ተመልሰው ፋይሉን ከፈቱላት። ደረሰኞቹ አሉ፤ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ የብየዳ ዋጋ፣ ጠመኔ። የአንዱ ወጪ ደረሰኝ ብቻ የለም። ወይዘሮ የሺዓለም ፋይሉን ሁለት ጊዜ ገለበጡት። የት እንደ ገባ አላውቅም አሉ። ፊታቸውን አይታ እውነት ይሁን ውሸት መለየት አልቻለችም፤ ይህ ደግሞ እሷ ላይ ብዙ ጊዜ አይደርስም።

ከቢሮው ወጥታ ወደ ቢሊሴ ክፍል ሄደች። ልጆቹ እየወጡ ነው፤ ክፍሉ በእጅ ወሬ ተሞልቷል። ሉብና እናቷን አይታ ባለችበት ቆመች። ዋፊቃ በሩን ዘጋች።

«ቢሊሴ፣ ከልጄ ጋር የምትደባበቁት ነገር ምንድን ነው? እኔ ስመጣ ለምን እጃችሁ ይወርዳል?»

ቢሊሴ ጠመኔውን አስቀመጠች። ወጣት ናት፤ ከሻሸመኔ ነው የመጣችው። «አቶ ማናሴ አነጋግረውኛል፣ እትዬ» አለች። «ወደ እሳቸው ትምህርት ቤት ብዛወር፣ ስድስት ሰባት ልጅ ይዤ ብመጣ፣ ለቤት ኪራይ የሚሆን አበል እናመቻቻለን ብለውኛል። ልጆቹን ሳልነግር መወሰን ከበደኝ። ነገርኳቸው። ለማንም እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። ገበያ ላይ ስላሉ ወሬው በእርስዎ በኩል ይወጣል ብዬ ፈራሁ።»

«አንቺም እየመዘንሽ ነበር በይኛ።»

«ኪራይ እኮ እከፍላለሁ፣ እትዬ» አለች ቢሊሴ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አልፈረምኩም።»

ዋፊቃ ወደ ሉብና ዞረች። ልጅቷ አንዴ የእናቷን ከንፈር፣ አንዴ የመምህሯን ከንፈር ታያለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋፊቃ ርእሰ መምህር ጠይቃለች፣ ጽሕፈት ቤት ጠይቃለች፣ ፋይል አስገልብጣለች። አሁን ግን ልጇን ለመጠየቅ አስተርጓሚ አስፈለጋት። «ጠይቂልኝ» አለች ለቢሊሴ። «ሰፈር ያለው ይሻላታል ወይስ ይሄ?»

የቢሊሴ እጆች ጠየቁ። ሉብና ሳታመነታ መለሰች፤ ረጅም ነበር።

«እዚህ ይሻለኛል ነው የምትለው» አለች ቢሊሴ። «የማወራቸው ሰዎች ስላሉ ነው ትላለች።»

ዋፊቃ የእጆቹን ንግግር ርዝመት አይታለች። «ቀንሰሽብኛል» አለች። «ሙሉውን ንገሪኝ።»

«እትዬ...»

«ሙሉውን።»

ቢሊሴ ወለሉን እያየች ተናገረች። «እዚህ የማወራቸው አሥራ ሦስት ሰዎች አሉ። ቤት ማንም የለም። እማዬ ስትቆጣ ብቻ ነው የምታየኝ። ቦርሳዬን ፈተሸች፤ ምን እንደ ሰረቅሁ አልነገረችኝም።»

ውጭ ባጃጅ አለፈ። ዋፊቃ ሒጃቧን አስተካከለች፤ የሚስተካከል አልነበረውም። ልጇን ልትነግራት የፈለገችው ብዙ ነው፤ ስላልሰረቀችው ነገር፣ ስለ በድሪያ ወሬ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት እምቢ ካሏቸው ርእሰ መምህር ቢሮ ሲመለሱ መንገድ ላይ ስላለቀሰችው ለቅሶ። ከስምንቱ ምልክቶች አንዱም ለዚህ አይሆንም። «ነዪ» የሚለውን ብቻ አሳየቻት። ሉብና መጣች፤ ግንባሯን እናቷ ሆድ ላይ አስደገፈች።

ኅዳር አሥር ቆጣሪዎቹ መጡ። ዋፊቃ ሱቋን ዘግታ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ ወረቀት የያዘው ሰውዬ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ሲጠራና ቢሊሴ በእጇ ስትደግም አየች። ሉብና እጇን አወጣች። ሰውዬው ጻፈ። ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ደግሞ ከአሥራ አንዱ አራቱ ብቻ እንደ ጸደቁ ሆራ ነገራት። ከአራቱ ሁለቱ እስከ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ነበሩ። ይህን ስትሰማ የአቶ ማናሴ ነገር እንደገና ልቧን ቆረጠማት። ውሸታቸው ባይኖር እነዚያን ሁለቱን ፈልጎ የሚያወጣቸው ይኖር ነበር? አታውቅም።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ከዚያ በፊት አፏን ከፍታ አታውቅም። ያን ቀን ተነሣች። «የልጆቻችን ድርሻ ሦስት ነው ተብሏል» አለች። «አጥሩን አይቻለሁ፤ ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ እኛ ወላጆች የልጆቻችንን ቋንቋ የምንማርበት ነገር ዕቅድ ውስጥ ይግባ። ቅዳሜ ቅዳሜ። ለመምህሯም አበል ይታሰብላት፤ ያለዚያ ሰው ይወስድብናል።»

«ይታያል» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም።

«ይታያል አይጻፍም። ቃለ ጉባኤው ላይ ጸድቋል ተብሎ ይጻፍ፤ ማህተም ይረፍበት።»

ሰው ሳቀ፤ ቢሆንም ተጻፈ። ቢሊሴ አልሄደችም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የመጡት አምስት ወላጆች ናቸው። ስድስተኛው ሰው ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ኪሩ ነበር፤ የሰፈሩ መምህር። ዋፊቃ አቶ ማናሴ ሊሰልሉን ላኩት ብላ ሙሉ ሰዓት በዓይኗ ጠበቀችው። ልጁ ግን ጣቱን ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ ቢሊሴ ያሳየችውን ደግሞ ደጋግሞ ይለማመዳል፤ ሲሳሳት ከንፈሩን ይነክሳል። ሲወጡ «ልጆቼ ከፊደል ሌላ እየጠየቁኝ ነው» አላት። እሷም «ሳምንት ቀድመህ ና፤ ከፊት ተቀመጥ» አለችው።

ሉብና ቤት ውስጥ ትፈትናታለች። ዋፊቃ «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» ልትል ፈልጋ «ነገ ዶሮ እንሄዳለን» ብላ ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንከባልላ ሳቀች። ዛኪር ከጅቡቲ ሲመለስ ሁለቱ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው በእጅ ሲከራከሩ አገኛቸው፤ ጫማውን እንዳወለቀ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

ገንዘቡ የመጣው ዘግይቶ፣ በጥር መጨረሻ ነው። ወላጆች ስለ ጠየቁ የወጪው ዝርዝር ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ነፋሱ አቧራ እየበተነ ወረቀቱን ያርገበግበዋል። ዋፊቃ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። የቅዳሜ ትምህርት አለ። የቢሊሴ አበል አለ። ለክፍሉ ልጆቹ እጃቸውን እያዩ የሚለማመዱበት መስተዋትና መጽሐፍ አለ። ደስ ሊላት ሲል ከታች፣ ከድምሩ በላይ፣ አንድ መስመር አየች። «ልዩ ልዩ» ይላል፤ አጠገቡ ያለው ቁጥር ትንሽ አይደለም።

ቢሮው ክፍት ነበር። ወይዘሮ የሺዓለም ቀና ሲሉ በሩ ላይ አዩዋት።

«ይሄ ልዩ ልዩ የተባለው» አለች ዋፊቃ፤ «ስሙ ማነው?»

ወይዘሮ የሺዓለም ተነፈሱና ከሳጥኑ ውስጥ ፋይሉን አወጡ። «ይቀመጡ» አሉ። «ረጅም ነው።»

ዋፊቃ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።